ኦሎምፒክ ርቀት፦ ብስክሌቱ አደገ፣ ዋናው ቆመ፣ ሩጫው ከብስክሌት በኋላ ይፈርሳል

#1 ጀማሪው_ትራይ

ሰላም ለሁላችሁ። ለትራያትሎን ኦሎምፒክ ርቀት (1.5 ኪ.ሜ ዋና፣ 40 ኪ.ሜ ብስክሌት፣ 10 ኪ.ሜ ሩጫ) የ12 ሳምንት ልምምድ ቁጥር ይኸው። ክብደት 72 ኪሎ፣ በሳምንት ከ8 እስከ 9 ሰዓት።

ዋና፣ 25 ሜትር ገንዳ፦ 200 ሜትር ከ4:20 ወደ 4:04፣ 400 ሜትር ከ9:10 ወደ 8:50። በሲኤስኤስ (ሳይፈርሱ ለረጅም ጊዜ የሚይዙት የዋና ፍጥነት) ቀመር፣ 400 ሲቀነስ 200፣ ለሁለት ተካፍሎ፣ ግን በ100 ሜትር ከ2:25 ወደ 2:23 ብቻ ነው የወረደው።

ብስክሌት፦ የ20 ደቂቃ ቴስት ከ200 ዋት ወደ 225። በ0.95 ተባዝቶ ኤፍቲፒ (ለአንድ ሰዓት ያህል የሚያዝ ከፍተኛ ዋት) ከ190 ወደ 214።

ሩጫ ለብቻው፦ 10 ኪ.ሜ ከ53:30 ወደ 49:00።

ብስክሌትና ሩጫ ተያይዘው፦ 40 ኪ.ሜ በ1:16፣ አማካይ 192 ዋት፣ ኖርማላይዝድ (ፍንዳታዎቹን አክብዶ የሚቆጥር አማካይ) 205 ዋት። ወዲያው 10 ኪ.ሜ በ58:00። የመጀመሪያው ኪሎ ሜትር 4:50፣ የመጨረሻው 6:20።

ጥያቄዬ ሁለት ነው። ዋናው ለምን አልተንቀሳቀሰም? ከብስክሌት ሲወረድ ሩጫው 9 ደቂቃ የሚጨምረውስ ለምንድን ነው? የሩጫ ኪሎ ሜትር ልጨምር?

#2 ፔዳል_ዋት

ሩጫ አትጨምር። ለብቻህ 49 የሚሮጥ እግር አለህ፣ ችግሩ ያ እግር ወደ ሩጫው ሲደርስ ባዶ መሆኑ ነው። ሩጫህ የሚበላሸው ብስክሌቱ ላይ ነው።

ቁጥሩን እንየው። 205 ለ214 ሲካፈል 0.96 ነው። አማተር ለኦሎምፒክ ርቀት ከ0.85 እስከ 0.90 ባለው ቢነዳ ነው ሩጫ የሚተርፈው። 0.95 ላይ ነድተው በደንብ የሚሮጡ አሉ፣ ግን ብዙ ዓመት የለፉ ናቸው።

ሌላው ደግሞ በአማካይህና በኖርማላይዝድህ መካከል ያለው ርቀት። 205 ለ192 ሲካፈል 1.07 ነው። ሜዳ ላይ ብቻውን ለሚነዳ ሰው ይህ ቁጥር ከ1.04 ወይም ከ1.05 ማለፍ የለበትም። ማለፉ የሚነግርህ አቀበት በመጣ ቁጥር ተነስተህ 280 እና 300 ዋት እንደምትመታ፣ ከመታጠፊያ ስትወጣም እንደምትፈነዳ ነው። እያንዳንዷ ፍንዳታ ግላይኮጅን (ጡንቻ ውስጥ የተከማቸውን ስኳር) ትበላለች፣ ሒሳቡን 7ኛው ኪሎ ሜትር ላይ ትከፍላለህ።

ኦሎምፒክ ላይ የምታያቸው ሰዎች እንደዚያ ነው የሚነዱት እንዳትለኝ። ስፖርቱ በ2000 (እ.ኤ.አ.) ሲድኒ ላይ ኦሎምፒክ ከገባ ጀምሮ ኤሊቶቹ በቡድን ተጠጋግተው መንዳት ይፈቀድላቸዋል። አብዛኛው የአማተር ውድድር ግን መጠጋትን ይከለክላል፣ ስለዚህ ነፋሱን ለብቻህ ነው የምትቆርጠው። የእነሱ የዋት ፋይል ለአንተ አይሠራም።

አንድ ጥያቄ፦ ከ20 ደቂቃው ቴስት በፊት የ5 ደቂቃ ሙሉ ጉልበት አለፍክ ወይስ ተሟሙቀህ በቀጥታ ገባህ?

#3 ሌይን_ሦስት

ዋናውን እኔ ልያዝ። ጥያቄ ከመመለሴ በፊት ሦስት ነገር እፈልጋለሁ፦ የ400ው የየ100 ሰዓት፣ የትኛው ቀድሞ እንደተዋኘ፣ በ25 ሜትር የክንድ ምት ቁጥር መጀመሪያና መጨረሻ ላይ። ፑል ቦይ (በታፋ መካከል የሚያዝ ተንሳፋፊ) ካለህ ደግሞ 100 ሜትር በእሱ፣ 100 ሜትር ያለ እሱ፣ በተመሳሳይ ጥረት ዋኝተህ ሁለቱንም ጻፍልኝ።

#4 ጀማሪው_ትራይ

@ፔዳል_ዋት በቀጥታ ነው፣ 15 ደቂቃ ማሟሟቂያ ከዚያ 20 ደቂቃው።

@ሌይን_ሦስት 200ው ቀድሞ፣ 2 ደቂቃ እረፍት፣ ከዚያ 400። የየ100ው፦ 2:01፣ 2:12፣ 2:18፣ 2:19። የክንድ ምት መጀመሪያ 20፣ መጨረሻ 27። ፑል ቦይ ይዞ 2:05፣ ሳይዝ 2:14። የዋና ፕሮግራሙ በሳምንት ሁለት ቀን፣ በየቀኑ ወደ 2,000 ሜትር ሳያቋርጡ መዋኘት ነው።

#5 ሌይን_ሦስት

ሁሉም ነገር እዚህ ውስጥ አለ።

መጀመሪያ ቴስቱ። 200 ሜትር በሙሉ ጉልበት ዋኝቶ 2 ደቂቃ ብቻ ያረፈ ሰው 400ውን ደክሞ ነው የሚጀምረው። ቀመሩ ደግሞ የሁለቱን ልዩነት ነው የሚያየው። 200ው በፈጠነና 400ው በደከመ ቁጥር ሲኤስኤስህ ይባስ የዘገየ ይመስላል። የአንተ 200 በ16 ሰከንድ፣ 400ህ በ20 ሰከንድ ወርዷል። ይህ መሻሻል ነው። ቀመሩ ግን የ4 ሰከንድ ልዩነት ብቻ አይቶ ለሁለት አካፈለውና 2 ሰከንድ ሰጠህ። የ400 አማካይህ በ100 ሜትር 2:12.5 ሆኖ ሳለ ሲኤስኤስ 2:23 ነው ማለት ስሜት አይሰጥም፣ ብዙውን ጊዜ ልዩነቱ ከ3 እስከ 6 ሰከንድ ቢሆን ነው። ለጊዜው 2:18 ያዝ።

ሲደገም፦ 400ው ይቅደም፣ ከዚያ ቢያንስ 8 ደቂቃ በጣም ቀላል ዋና፣ ከዚያ 200። ሁለቱም ከግድግዳ ተገፍቶ፣ ያለ ዝላይ። የ400ውን የመጀመሪያ 100 ከ2:08 በታች አትዋኘው።

ቀጥሎ የሰውነት አቀማመጥ። ፑል ቦዩ 9 ሰከንድ ካተረፈልህ እግርህ እየሰመጠ ነው። 5 ሰከንድ ካለፈ እኔ ሌላ ምክንያት አልፈልግም። ፑል ቦይ እግርን ከማንሳት በቀር የሚሠራልህ ሥራ የለም፣ ስለዚህ ያ 9 ሰከንድ በአካል ብቃት ሳይሆን በአቀማመጥ የሚገኝ ነው። እግር የሚሰምጥባቸው ምክንያቶች በእኔ ግምት ለአንተ በዚህ ቅደም ተከተል ናቸው፦

አንደኛ፣ ትንፋሽ ውሃ ውስጥ አለማውጣት። አፍህ ከውሃ ሲወጣ ሁለት ሥራ ትሠራለህ፣ ታስወጣለህም ታስገባለህም። ጊዜ ስለማይበቃ ጭንቅላት ቀና ይላል፣ ጭንቅላት ቀና ሲል ዳሌ ይወርዳል። ፊትህ ውሃ ውስጥ ባለበት ጊዜ ሁሉ አረፋው ሳይቋረጥ በአፍንጫና በአፍ ይውጣ። ስትተነፍስ የታችኛው መነጽርህ ውሃ ውስጥ ይቅር።

ሁለተኛ፣ ከጉልበት መምታት። እንደ ብስክሌት ጉልበትህን ካጠፍክ ታፋህ ውሃውን ወደ ፊት ይገፋል። ምቱ ከዳሌ ይጀምር፣ ትንሽ ይሁን፣ ተረከዝህ የውሃውን ገጽ ብቻ ይንካ።

ሦስተኛ፣ ቁርጭምጭሚት። ሯጭና ብስክሌተኛ ቁርጭምጭሚቱ ደረቅ ነው፣ ጣቶቹ ወደ ታች ይንጠለጠሉና እንደ መልሕቅ ይይዙታል። ተንበርክከህ የእግርህን ጀርባ መሬት ላይ አስተኝተህ ቀስ ብለህ ተረከዝህ ላይ ተቀመጥ። 30 ሰከንድ፣ ሦስት ጊዜ፣ በየቀኑ። ጉልበት የሚያምህ ከሆነ ተወው፣ ወንበር ላይ ተቀምጠህ በእጅህ ሳበው።

የክንድ ምት ከ20 ወደ 27 መዝለሉ ደግሞ ሲደክምህ ክርንህ እንደሚወድቅና እጅህ ውሃውን ሳይይዝ እንደሚንሸራተት ነው የሚያሳየው። 2,000 ሜትር ሳታቋርጥ ስትዋኝ ከግማሽ በላዩን በዚያ በተበላሸ ምት እየተለማመድክ ነው። ሰውነት የሚደጋገመውን ነው የሚማረው።

ስለዚህ 4,000 ሜትርህን በሁለት ቀን ሳይሆን በሦስት ቀን ክፈለው፣ በየቀኑ 1,400 ገደማ። አንዱ ቀን እንዲህ ይሁን፦ 200 ቀላል፤ 8×50 ድሪል፣ 20 ሰከንድ እረፍት (አራቱ በፊንስ፣ ማለትም በእግር በሚጠለቅ መቅዘፊያ፣ በጎን ተኝቶ መምታት፣ አራቱ በአንድ ክንድ)፤ 6×100 በ2:18፣ 15 ሰከንድ እረፍት፤ 200 ቀላል። ከሳምንት ሳምንት 6ቱን ወደ 8፣ ከዚያ ወደ 10 አሳድግ። የመጨረሻዎቹ ሁለት ከመጀመሪያዎቹ በ3 ሰከንድ በላይ ከዘገዩ ወይም ምትህ ከ23 ካለፈ ፍጥነቱን ሳይሆን ቁጥሩን ቀንስ።

ፑል ቦዩን ቤት ተወው። ችግሩን ይደብቅልሃል እንጂ አያስተካክልህም።

#6 ፔዳል_ዋት

«15 ደቂቃ ማሟሟቂያ ከዚያ 20 ደቂቃው» አልክ፤ እንግዲያው ኤፍቲፒህም 214 አይደለም።

0.95 የሚሠራው ከ20 ደቂቃው በፊት 5 ደቂቃ ሙሉ ጉልበት ተነድቶ፣ 10 ደቂቃ ቀላል ታልፎ ከሆነ ነው። የ5 ደቂቃው ዓላማ ላይ ላዩን ያለውን የፍንዳታ ጉልበት ማፍሰስ ነው። ካልፈሰሰ በ20 ደቂቃው ውስጥ ይገባና ቁጥሩን ያሳብጠዋል። ትኩስ እግር ይዞ ለሚገባ ሰው 0.90 እስከ 0.92 ይቀርባል። 225 በ0.91 ወደ 205 ይመጣል።

አሁን መልሰህ እየው፦ 40 ኪ.ሜውን ኖርማላይዝድ 205 ነዳህ። የአንድ ሰዓት ጣሪያህን ለ1:16 ነድተህ ከዚያ ልትሮጥ ነው የፈለግከው። 58 ደቂቃ መጨረስህ ራሱ ጥሩ ነው።

የቀጣዩ ዒላማ፦ ኖርማላይዝድ ከ178 እስከ 185፣ አማካይ ከ174 በታች ያልወረደ። የመጀመሪያዎቹን 10 ደቂቃዎች ከዒላማው 10 ዋት በታች፣ ምክንያቱም ከውሃ ስትወጣ የልብ ምትህ ከፍ ያለ ነው። አቀበት ላይ ጣሪያ አስቀምጥ፣ 215 ዋት፣ ከዚያ በላይ ማንም ቢያልፍህ እጅህን አውለብልብለት። የመጨረሻዎቹን 2 ኪ.ሜ ማርሽ አቅልለህ ካዴንስ (በደቂቃ የፔዳል ዙር) 90 እና ከዚያ በላይ።

ዋጋው ስንት ነው? ሜዳ ላይ አብዛኛው ጉልበትህ ለነፋስ ስለሚሄድ ፍጥነት በዋት ልክ አይወርድም፤ ዋት 7 በመቶ ሲቀንስ ፍጥነት ከ2 እስከ 3 በመቶ ነው የሚቀንሰው። በ40 ኪ.ሜ ወደ 2 ደቂቃ ነው። ሁለት ደቂቃ ከፍለህ 5 ወይም 6 የምትመልስበት ገበያ ሌላ የት አለ?

#7 የመጨረሻዋ_ዙር

በፔዳል_ዋት እስማማለሁ፣ ሩጫው ላይ ግን አንድ ነገር ልጨምር። 4:50 የመጀመሪያ ኪሎ ሜትር ከትኩስ የ10 ኪ.ሜ ፍጥነትህ (4:54) ይበልጣል! ከብስክሌት የወረደ ሰው የፍጥነት ስሜቱ ይዋሸዋል፤ በሰዓት 32 ኪ.ሜ ስትሄድ ቆይተህ 12 ኪ.ሜ ቆሞ የመሄድ ያህል ይመስላል፣ እግሩም የፔዳሉን ዙር ይዞ ይቀጥላል። ሰዓትህን ማመን አለብህ፣ እግርህን ሳይሆን።

ከብስክሌት በኋላ ያለ ሩጫ ከትኩሱ ከ5 እስከ 8 በመቶ ቢዘገይ ጤነኛ ነው። ለ49:00 ይህ ከ51:30 እስከ 53:00 ማለት ነው። የመጀመሪያው ኪሎ ሜትር 5:20፣ ከ2 እስከ 7 ድረስ 5:10 እስከ 5:15፣ የቀረውን ካለህ አውጣ።

ልምምዱ፦ በሳምንት አንድ ቀን ከረጅሙ ብስክሌት በኋላ 15 እስከ 20 ደቂቃ ሩጫ ይበቃል። ረጅም አታድርገው፣ ሰውነት የሚለምደው መሸጋገሪያውን ነው፣ እሱም በመጀመሪያዎቹ 10 ደቂቃዎች ያልቃል። ውድድሩ ከ6 እስከ 3 ሳምንት ሲቀረው ደግሞ በየሁለት ሳምንቱ ይህን፦ 3 ዙር፣ በየዙሩ 8 ኪ.ሜ ብስክሌት በ180 ዋት፣ ወዲያው 1.5 ኪ.ሜ ሩጫ በ5:12። ሦስተኛው ዙር ሩጫ ከመጀመሪያው በ10 ሰከንድ በላይ ከዘገየ ብስክሌቱ አሁንም ከብዷል።

ምን ጠጣህ በ1:16 ውስጥ?

#8 ጀማሪው_ትራይ

አንድ የ750 ሚሊ ጠርሙስ ውሃ ብቻ። የኃይል ጄል የለም። ከመንዳት በፊት ቁርስ፣ 3 ሰዓት ቀደም ብሎ።

#9 የመጨረሻዋ_ዙር

ከ2 ሰዓት በላይ በከፍተኛ ጥረት፣ በባዶ ውሃ! 6:20 እንዴት እንደመጣ አንዱ መልስ ይኸው።

በሰዓት ከ40 እስከ 60 ግራም ካርቦሃይድሬት ግብህ ይሁን። ለ750 ሚሊ ጠርሙስ 60 ግራም ተራ ስኳርና 1 ግራም ጨው በቂ ነው። ስኳር ግማሹ ግሉኮስ ግማሹ ፍሩክቶስ ስለሆነ አንጀት በሁለት በር ያስገባዋል፣ ውድ ዱቄት የግድ አይደለም። 1 ግራም ጨው ወደ 400 ሚሊግራም ሶዲየም ይሰጥሃል። በየ10 ደቂቃው ሦስት አራት ጉንጭ፣ ከ40 ኪ.ሜ ማብቂያ 5 ኪ.ሜ በፊት ይለቅ። ጄል ከወሰድክ በንጹህ ውሃ አውርደው። በስኳር ውሃ ላይ ጄል ከደረብክ ሆድ ውስጥ ይወፍርና ሩጫው ላይ የጎን ውጋት ይሆናል።

ይህን በውድድር ቀን አትጀምረው። ሆድም ይለማመዳል።

#10 ሰንሰለትና_ዘይት

ዋት ሁሉ ሲባል ብስክሌቱን የጠየቀ የለም። ኮርቻህ የት ነው?

ዝቅ ያለ ኮርቻ የፊት ታፋን ብቻ ያሠራል፣ ሩጫ ላይ ስትወርድ ታፋህ ድንጋይ ይሆናል። መነሻው፦ ጫማ አውልቀህ ግድግዳ ተደግፈህ ቁም፣ መጽሐፍ በእግሮችህ መካከል እስከ ላይ አስጠግተህ ከመሬት እስከ መጽሐፉ ጫፍ ለካ። በ0.883 አባዛው። የወጣው ቁጥር ከፔዳል ክንዱ መዞሪያ መሐል እስከ ኮርቻው አናት ነው። 82 ሴ.ሜ ከሆነ 72.4። መነሻ ነው እንጂ ሕግ አይደለም፣ የጫማና የፔዳል ውፍረት ጥቂት ሚሊ ሜትር ያንቀሳቅሰዋል። ፔዳሉ ታች ሲደርስ ጉልበት ከ25 እስከ 35 ዲግሪ ታጥፎ መቅረት አለበት።

ጉልበት ከፊት ካመመ ኮርቻው ዝቅ ብሏል፣ ከኋላ ካመመ ከፍ ብሏል። ከኋላህ ሆኖ የሚያይ ሰው ዳሌህ ግራ ቀኝ ሲወዛወዝ ካየ ከፍ ብሏል። በአንድ ጊዜ ከ3 እስከ 5 ሚሊ ሜትር ብቻ ቀይር፣ ሁለት ሦስት ጊዜ ነድተህ ፍረድ።

ኤሮ ባር (ክንድ አስተኝቶ ጎንበስ የሚባልበት መሪ) ከገጠምክ ደግሞ ኮርቻውን ወደ ፊት አምጣው፣ አለበለዚያ ጉልበትህ ደረትህን እየመታ የዳሌህ ማጠፊያ ይዘጋል። ወደ ፊት ስታመጣው ከመዞሪያው ያለው ርቀት ስለሚያጥር ትንሽ ከፍ ይላል።

#11 ባትና_ቅልጥም

ሩጫ አለመጨመሩን እደግፋለሁ፣ በሌላ ምክንያት። ብስክሌትና ዋና ልብና ሳንባን በፍጥነት ያሳድጋሉ፣ አጥንትና ጅማት ግን በዚያ ፍጥነት አይከተሉም። ሳንባህ 4:50 ይችላል፣ ቅልጥምህ ገና አልሰማም። ትራያትሎን የጀመረ ብስክሌተኛ የሚጎዳው በዚህ ነው።

ቅልጥም ላይ ሰፋ ብሎ የተዘረጋ ሕመም ከሆነ ኪሎ ሜትር ቀንሰህ ለስላሳ መሬት ላይ ሩጥ። በአንድ ጣት የምታሳየው ነጥብ ላይ አጥንቱን ስትጫነው የሚያምህ ከሆነ፣ በአንድ እግር ስትዘልም የሚወጋህ ከሆነ፣ ሩጫ አቁመህ ሐኪም ዘንድ ሂድ፤ የአጥንት ስንጥቅ ሊሆን ይችላል። ዋናና ቀላል ብስክሌት አብዛኛውን ጊዜ መቀጠል ይቻላል፣ ሐኪሙን ጠይቅ።

ለተረከዝ ጅማት፦ ደረጃ ጫፍ ላይ ቆሞ ተረከዝን ቀስ ብሎ ማውረድና ማንሳት፣ 3 ጊዜ 12፣ በሳምንት ሦስት ቀን። ሲቀልል ክብደት ያዝ።

#12 ፔዳል_ዋት

ሌይን_ሦስት አትቆጪኝና፣ ዋና ላይ ሦስተኛ ቀን መጨመሩ ያዋጣል ወይ? በ100 ሜትር 10 ሰከንድ ቢያሻሽል በ1,500 ሜትር የሚያገኘው 2:30 ነው። ያንን ለማግኘት ወራት ይፈጃል። በብስክሌት አያያዝና በስኳር ውሃ ብቻ በሚቀጥለው ሳምንት 5 ደቂቃ ያገኛል።

#13 ሌይን_ሦስት

ሰዓት እየጨመርኩ አይደለም፣ ያለውን እየከፈልኩ ነው፣ አንብበው። ሌላው ደግሞ ሒሳብህ ውሃውን ከሌላው ነጥሎ ነው የቆጠረው። እግሩ የሚሰምጥ ሰው እንዳይሰምጥ በእግሩ አብዝቶ ይመታል። ያንኑ ታፋ ይዞ ነው አንተ ዘንድ የሚመጣው። የመጀመሪያውን 10 ደቂቃ 10 ዋት ቀንስ ያልከውም እኮ ከውሃው ስለሚወጣበት ሁኔታ ነው።

ክፍት ውሃ ላይ ደግሞ ልዩነቱ ይሰፋል። ግድግዳ የለም፣ በየ25 ሜትሩ ተገፍቶ የሚያርፍበት የለም፣ መስመር የለም። በየ6 እስከ 8 ምት ዓይኑን ብቻ ከውሃ አውጥቶ ተንሳፋፊ ምልክቱን አይቶ፣ ከዚያ ወደ ጎን ዞሮ ይተንፍስ። ጭንቅላቱን ሙሉ አውጥቶ እያየ ከተነፈሰ በእያንዳንዱ ጊዜ እግሩ ይወርዳል። ገንዳ ውስጥ ይለማመደው፣ በየ50 ሜትሩ ሁለት ጊዜ።

ዌትሱት (ተንሳፋፊ የጎማ ዋና ልብስ) ከተፈቀደ እግሩን ያነሳለታል። በዓለም ትራያትሎን ሕግ ለአማተር እስከ 1,500 ሜትር ባለው ዋና ውሃው ከ22 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲበልጥ አይፈቀድም፣ ውፍረቱም ከ5 ሚሊ ሜትር መብለጥ የለበትም። ስትለብሰው የልብሱን እግር በደንብ ወደ ላይ ሰብስበው፣ ማጠፊያው እስከ ብሽሽት ካልደረሰ ትከሻህን ወደ ታች ይጎትተዋል። አንገት ላይ ቅባት።

#14 ፔዳል_ዋት

«ያንኑ ታፋ ይዞ» የሚለውን ተቀብያለሁ። ሌላውን አይ።

#15 ሁለተኛው_ቦታ

ትራንዚሽን (ከአንዱ ስፖርት ወደ ሌላው መሸጋገሪያውን) ረሳችሁ። የሄልሜት ማሰሪያ ሳይቆለፍ ብስክሌቱ አይነካም፣ ብስክሌቱ ቦታው ላይ ሳይሰቀል ማሰሪያው አይፈታም። ሁለቱም ያስቀጣሉ። ላስቲክ የጫማ ማሰሪያ ግጠም። ጫማ ውስጥ የሰውነት ፓውደር። ሳሎን ውስጥ 10 ጊዜ ተለማመድ፣ ነጻ ደቂቃ ነው።

#16 ጀማሪው_ትራይ

አመሰግናለሁ። የተረዳሁት፦ ዋና 3×50 ደቂቃ፤ ብስክሌት አንድ 1 ሰዓት በኢንተርቫል (ጥረትና እረፍት እየተፈራረቀ)፣ አንድ 1 ሰዓት ቀላል፣ አንድ 2 ሰዓት፤ ሩጫ አንድ 50 ደቂቃ፣ አንድ 40 ቀላል፣ አንድ 20 ከረጅሙ ብስክሌት በኋላ። ወደ 8:20 ይመጣል። ኢንተርቫሉ ምን ይሁን? ቀላሉ ብስክሌት በእውነት ቀላል መሆኑን በምን አውቃለሁ?

#17 ፔዳል_ዋት

ኢንተርቫል፦ 3×12 ደቂቃ ከ188 እስከ 195 ዋት፣ በመካከል 4 ደቂቃ ቀላል። ሦስተኛው ላይ ዋቱ ካልቀነሰ በሳምንቱ 3×14 አድርገው። አራተኛው ሳምንት ላይ ሰዓቱን በሲሶ ቀንስ፣ ጥረቱ ይቆይ።

ቀላሉ፦ ከ115 እስከ 150 ዋት፣ ሙሉ ዓረፍተ ነገር እያወራህ። ቴስቱ በረጅሙ ቀን ነው። ዋቱን 150 ላይ ያዝና ፋይሉን ለሁለት ክፈለው፣ በየግማሹ ዋትን ለልብ ምት አካፍል። ለምሳሌ መጀመሪያ 150 ለ138፣ 1.087። ሁለተኛው ግማሽ 150 ለ146፣ 1.027። ልዩነቱ 5.5 በመቶ ነው። ከ5 በታች ሲወርድ መሠረቱ ተይዟል ማለት ነው። ሙቀት ባለበት ቀን ወይም ሳትጠጣ የለካኸውን ግን አትቁጠረው፣ ልብ በሌላ ምክንያት ይወጣል።

ከእያንዳንዱ መንዳት በፊት ፓወር ሜትሩን (ዋት መለኪያውን) ዜሮ አድርግ፣ ብስክሌቱ ውጭ 10 ደቂቃ ከቆመ በኋላ። ከሞቀ ቤት ወደ ብርድ ይዘኸው ወጥተህ ወዲያው ዜሮ ካደረግከው ሙቀቱ ሲለወጥ ንባቡ ይሸሻል፣ ከዚያ ኤፍቲፒ ወጣ ወረደ ብለህ እዚህ ሌላ ክር ትከፍታለህ።

#18 ሌይን_ሦስት

የዋናውን ቴስት ከ6 ሳምንት በፊት አትድገመው። እስከዚያ አንድ ቁጥር ብቻ ጻፍ፦ የ6×100ው መጨረሻ ላይ በ25 ሜትር ስንት ምት። 27 የነበረው 23 ሲገባ ሰዓቱ ራሱ ይወርዳል። የሰዓትህ የገንዳ ርዝመት ቅንብርም 25 ላይ መሆኑን አረጋግጥ፣ ምትን በራስህ ቁጠር፤ ብዙ ሰዓቶች የሚቆጥሩት አንዱን ክንድ ነው።